ተጨማሪ መረጃ፦ ጊዜያዊ ሠራተኛ በልብ ወለድ

አሜሪካዊቷ ሂላሪ ላይክተር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመችው «ቴምፖራሪ» ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ቋሚ ሥራ ፍለጋ ከአንዱ ጊዜያዊ ቅጥር ወደ ሌላው ትንከራተታለች። በባሕር ወንበዴዎች መርከብ ላይ ትቀጠራለች፤ የነፍሰ ገዳይ ረዳት ትሆናለች፤ ዐለት ላይ የሚጣበቅ የባሕር እንስሳ ሳይቀር ተክታ ትሠራለች። የጃፓናዊቷ ሂሮኮ ኦያማዳ «ፋብሪካው» ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወረቀት በማሽን ስትበጣጥስ የምትውል የኮንትራት ሠራተኛን ያሳየናል። ፋብሪካው ምን እንደሚያመርት በቅጡ የሚያውቅ የለም።

ሥራንና ተአምርን አዋህዶ መተረክ ላሊበላ ለምትገኝበት ለላስታ እንግዳ አይደለም። ገድለ ላሊበላ መላእክት ቀን ከሰዎች ጋር ዐለት ሲጠርቡ ውለው፣ ሌሊት ሰው ሲያርፍ ሥራውን ይቀጥሉ እንደነበር ይተርካል። ልዩነቱ የድካሙ ፍሬ ላይ ነው፦ በገድሉ አብያተ ክርስቲያናቱ ተጠናቀው ይቆማሉ፤ የኦያማዳ ሠራተኛ ግን ልፋቷ ለምን እንደሚውል እንኳ አታውቅም።

የዛሬዋ ላሊበላም የወቅት ሥራን ጠንቅቃ ታውቃለች።

የገና በዓል ሲቃረብ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የጎብኚውን ጫማ የሚጠብቀው ሁሉ ገበያው ይደራል፤ ክረምት ሲገባ ይቀዘቅዛል። በ2012 ዓ.ም. የመጣው ኮሮናና በ2013 ዓ.ም. መገባደጃ ከተማዋ የደረሰው ጦርነት ደግሞ ያንኑ ገቢ አቋረጡት።

በአካባቢያችሁ ካሉት ጊዜያዊ ሥራዎች አንዱን ምረጡ። የሠራተኛውን ውሎ እንዳለ ጻፉ፤ ቀጥሎ አንድ የማይታመን ነገር ብቻ ጨምሩበትና በታሪኩ ላይ ያመጣውን ለውጥ በቡድን ተወያዩበት።