ፊደልን የሚገነቡ ስክሪፕቶች

ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚዘልቀው መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጋላባት ይደርሳል። ከጋላባት ድንበሩን የተሻገረ መተማ ዮሐንስ ገባ ማለት ነው። በዚህ መስመር የሰሊጥ ጭነት፣ ለአጨዳ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ (ሳሉግ)፣ ነጋዴና ስደተኛ ይመላለሳል። ከኅዳር 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገብተዋል፤ ብዙዎቹ በሐምዳይት በኩል ተሻግረው በገዳሪፍ ግዛት ኡም ራኩባና ቱናይድባ መጠለያዎች ሰፈሩ። ሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ፤ ሰዉ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተጠለለ።

በየአቅጣጫው ከሚሰደደው ሰው ብዙው በእጁ የያዘው ስልክ ነው። ዘመድ የሚፈለገው፣ የእርዳታ ቀን የሚነገረው፣ የሰሊጥ ዋጋ የሚጠየቀው በእሱ ነው። አማርኛውና ትግርኛው መልእክት ስክሪኑ ላይ እንዲነበብ ግን ስልኩ ውስጥ የግዕዝ ፎንት መኖር አለበት። ፎንቱ ከሌለ ወይም ጎደሎ ከሆነ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ያ ፎንት የሚገነባበትን ሙያ ነው፤ ማለትም የግንባታ ሥራን በስክሪፕት ቋንቋ ጽፎ ለኮምፒውተር ማስረከብን። ፕሮግራመሮች በዕለት ንግግራቸው ‹‹ቢልድ›› የሚሉት ይህንኑ ግንባታ ነው፤ በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ሥራ ደግሞ ‹‹ታስክ›› ይሉታል።

አንድ የፊደል ቤት ሲጨመር

ከመተማ ወደ ደቡብ በቋራና በጉባ በኩል እስከ ዓባይ ማዶ የጉሙዝ ሕዝብ ይኖራል፤ በሱዳን በኩልም በብሉ ናይል ግዛት ወገን አለው። በ2007ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ሕዝብ ቆጠራ የጉሙዝ ቁጥር 160 ሺህ ገደማ ነበር። ጉሙዝኛ ከሴማዊውም ከኩሻዊውም ቤተሰብ ውጭ ያለ ቋንቋ ሲሆን በአማርኛ የሌሉ ድምፆች አሉት፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚነገረው ‹ብ› አንዱ ነው። እነዚህን ድምፆች በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ ተጨማሪ ሆሄያት ያስፈልጋሉ።

የዓለምን ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ግዕዝን የመዘገበው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ2010 በወጣው ስድስተኛው እትም 32 ሆሄያት ያሉት አዲስ ክፍል ተጨመረ፤ እነሱም ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ናቸው። በ2021 ለጉራጌኛ የሚሆኑ 28 ተጨምረው በዩኒኮድ የተመዘገቡት የግዕዝ ሆሄያት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች 523 ደረሱ።

ቁጥር መመደብ ግን መጀመሪያው ብቻ ነው። ቁጥሩ የተሰጠው ሆሄ ስክሪን ላይ እስኪታይ ድረስ ረጅም ሥራ አለ። ሆሄው ከግዕዙ እስከ ሳብዑ ይሳላል፤ እያንዳንዱ ቅርጽ ከቁጥሩ ጋር ይያያዛል፤ ሆሄው ከምልክቶች ጋር እንዴት እንደሚቀመጥ የሚናገረው ደንብ ይጻፋል። ከዚያ ሁሉም ተጠቃሎ ስልክና ኮምፒውተር ወደሚያነቡት የፎንት ፋይል ይለወጣል፤ ለድረ ገጽ የሚሆነው የተጨመቀ ቅጂ ይዘጋጃል፤ የሙከራ ገጾች ይታተማሉ፤ የሆሄያቱ ዝርዝር በፒዲኤፍ ይወጣል፤ በመጨረሻም ፎንቱ ከፈቃዱና ከመመሪያው ጋር ታሽጎ ይለቀቃል። የአንድ ሆሄ እግር በጥቂቱ ቢስተካከል ከመጠቅለል እስከ ማሸግ ያለው ሥራ በሙሉ እንደገና መሠራት አለበት። ይህን ሁሉ በእጅ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን አንዱን ደረጃ መዝለሉ አይቀርም፤ የዘለለውም የሚታወቀው ፎንቱ ሕዝብ እጅ ከገባ በኋላ ነው።

ከዩኒኮድ በፊት የነበረውን ዘመን የሚያስታውስ ሰው የዚህን ክብደት ያውቃል። እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ የቁጥር አሰጣጥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ነጥብ የተዘበራረቀበት ገጽ ይሆናል። ሥራው የተሠራበት መንገድ በሠሪው ጭንቅላትና ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ስለቀረ ሌላው አንስቶ ሊቀጥለው አልቻለም።

ቅደም ተከተልን የሚያውቅ ፋይል

የግንባታ ሥራ መሠረቱ ጥገኝነት ነው፤ አንዱ ሥራ ሌላው ሳያልቅ አይጀመርም። የገዳሪፍና የመተማ ሰሊጥ አምራች ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሰሊጡ ይታጨዳል፣ በነዶ ይታሰራል፣ ሂላ (የነዶ ክምር) ሆኖ ይቆማል፣ ሲደርቅ ሸራ ላይ ይራገፋል። ያልደረቀ ሂላ አይራገፍም፤ የተራገፈውንም ማንም ደግሞ አያራግፍም። የግንባታ መሣሪያም የሚጠየቀው እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው፤ ተራን መጠበቅና ያለቀን ሥራ አለመድገም።

ይህን ሐሳብ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ‹‹ሜክ›› በሚባል መሣሪያ ያስገባው በአሜሪካው ቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ስቱዋርት ፌልድማን ነው። ተጠቃሚው ውጤቱን፣ ግብዓቱንና ትእዛዙን በአንድ ፋይል ይጽፋል፤ ሜክ ግብዓቱ ከውጤቱ በኋላ ተለውጦ እንደሆነ ሰዓቱን አይቶ አስፈላጊውን ብቻ ይሠራል። የሜክ ፋይል ግን የራሱ ጠባብ ቋንቋ ነበረው። በ2000 ለጃቫ ፕሮግራመሮች የመጣው ‹‹አንት›› ደግሞ ሥራውን በኤክስኤምኤል ያስጽፍ ነበር፤ ዝርዝር ለመያዝ ይመቻል፤ ‹‹ይህ ከሆነ ያንን አድርግ›› ለማለት ግን ያስቸግራል። ስለዚህ በአንት ፋይል ውስጥ ጃቫስክሪፕትን በመሰሉ ቋንቋዎች የራስን ታስክ መጻፍ ተፈቀደ።

ከዚያ ወዲህ ብዙዎች የስክሪፕት ቋንቋውን ራሱን የግንባታ ፋይል አደረጉት። ጂም ዋይሪክ ‹‹ሬክ››ን በሩቢ ሠራ፤ ‹‹ኤስኮንስ›› እና የቶማስ ናጊ ‹‹ዋፍ›› በፓይተን ተጻፉ፤ ‹‹ግሬድል›› ግሩቪን መረጠ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ፋይል ማንበብ፣ ዝርዝር ማነጻጸር፣ ስሌት መሥራት፣ ስህተት ሲገኝ ማቆም በእነዚህ ቋንቋዎች ውስጥ ቀድሞውኑ አለ። አዲስ ታስክ የሚያስፈልገው ሰው የመሣሪያውን ሠሪዎች መለመን የለበትም፤ ራሱ ይጽፈዋል።

አቢሲኒካ እንዴት ይገነባል?

ለዚህ ከእኛ ፊደል የተሻለ ምሳሌ አይፈለግም። ‹‹አቢሲኒካ ሲል›› የብራና ጽሕፈትን ወግ የተከተለ የግዕዝ ፎንት ነው። ያዘጋጀው ‹‹ሲል›› የተባለው የቋንቋ ድርጅት ሲሆን ፈቃዱ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያከፋፍለው የሚያስችል ነው። ምንጩ በጊትሃብ ላይ ክፍት ነው። እያንዳንዱ ሆሄ በራሱ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ስለተቀመጠ የትኛው መቼ እንደተለወጠ ማየት ይቻላል።

የሚገነባው ‹‹ስሚዝ›› በተባለ መሣሪያ ነው። ስሚዝ ራሱ በዋፍ ላይ የቆመ ስለሆነ የግንባታው ፋይል በፓይተን ይጻፋል። ሠሪው በመጀመሪያ በሚሰጠው ትእዛዝ ስሚዝ የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች መኖራቸውን ያጣራል፤ በሁለተኛው ፎንቱን ይገነባል፤ በሌሎቹ የሙከራ ገጾቹን ያወጣል፣ የሚለቀቀውን ጥቅል ያሽጋል። ዋፍ እንደ ሜክ ሰዓት አይቶ ብቻ አይወስንም፤ የፋይሉን ይዘት አሻራ ይይዛል። ስለዚህ ፋይሉ ተነካክቶ ይዘቱ ካልተለወጠ ሥራው አይደገምም።

በሲል ፎንቶች የግንባታ ፋይል ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ታስክ ቀረብ ብለን እንመልከት። ንድፍ አውጪው ሲሠራ ለእያንዳንዱ ቅርጽ ሰው የሚያነበው ስም ይሰጣል። ፎንቱ ሲለቀቅ ግን ስሙ የዩኒኮዱን ቁጥር ቢይዝ ይመረጣል፤ ለምሳሌ ‹ሀ› 1200 ነው። ያ ካልሆነ ከፒዲኤፍ ላይ የተቀዳ ጽሑፍ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር ይጻፋል፤ የሚወጣውን ፋይል ስም ይናገራል፣ ስም ለዋጩን የፓይተን ስክሪፕት ይጠራል፣ ስሞቹ የሚገኙበትን የንድፍ ፋይልም እንደ ጥገኝነት ይጠቅሳል። ይህ ሦስተኛው ዋና ነገር ነው። ሳይጠቀስ ቢቀር ንድፍ አውጪው ስም ሲለውጥ ስሚዝ አያውቅም፤ አሮጌውን ስም ይዞ ይቀጥላል።

የራስን ታስክ ለመጻፍ

አሁን ስለ ጉሙዝኛ የሚያስብ አንድ ወጣት ፕሮግራመር፣ መተማም ይሁን አዲስ አበባ፣ የራሱን ታስክ ልጻፍ ቢል ምን ያደርጋል? የሚጠቅመው አንድ ማረጋገጫ ነው፤ ቋንቋው የሚፈልጋቸው ሆሄያት ሁሉ በፎንቱ ውስጥ ካልተገኙ ግንባታው ይቁም የሚል።

ሥራው አጭር ነው። በመጀመሪያ የሆሄያቱን ቁጥሮች፣ በአንድ መስመር አንድ አድርጎ፣ በጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። ቀጥሎ በስክሪፕቱ ፎንቱን ‹‹ፎንትቱልስ›› በተባለ የፓይተን መሣሪያ ይከፍታል። ፎንትቱልስን የጀመረው ዩስት ቫን ሮሱም ነው፤ ፓይተንን የፈጠረው የጊዶ ቫን ሮሱም ወንድም። በእያንዳንዱ ፎንት ውስጥ ቁጥርን ከቅርጽ ጋር የሚያገናኝ ሠንጠረዥ አለ፤ ስክሪፕቱ ያንን አንብቦ ከዝርዝሩ ጋር ያነጻጽራል። የጎደለ ካለ ቁጥሩን ጽፎ ይወጣል። ይህ ሁሉ ከሃያ መስመር አይበልጥም።

የሚያሳስተው አወጣጡ ነው። ስክሪፕት ሥራውን ሲጨርስ ለጠራው ፕሮግራም ቁጥር ይመልሳል፤ ዜሮ ከሆነ ‹‹ተሳክቷል››፣ ሌላ ከሆነ ‹‹አልተሳካም›› ማለት ነው። ስህተቱን ስክሪን ላይ ጽፎ ዜሮ የሚመልስ ስክሪፕት ምንም አይጠብቅም፤ ግንባታው ዝም ብሎ ያልፋል፤ ጎደሎው ፎንትም ይታሸጋል። ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ አድራሻ ነው። ፋይሉን በራስ ኮምፒውተር ሙሉ አድራሻ የሚጠራ ታስክ ሌላ ሰው ጋ ሲሄድ አይሠራም፤ ከፕሮጀክቱ ማኅደር ተነስቶ መቁጠር አለበት። ሦስተኛ፣ ታስኩ ግብዓቱንና ውጤቱን በሙሉ ያስታውቅ። አራተኛ፣ አንድ ታስክ አንድ ሥራ ብቻ ይሥራ፤ ሲበላሽ የት እንደተበላሸ በስሙ ይታወቃል።

ለድንበሩ አካባቢ አምስተኛም አለ፤ ግንባታው ያለ ኢንተርኔት ይሂድ። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በሱዳን በየካቲት 2024 አብዛኛው አገር ከመስመር ወጥቶ ነበር። በየጊዜው ከሩቅ ሰርቨር የሚያወርድ ታስክ እንዲህ ባለ ቀን ሥራ ያቆማል። የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞችና ፋይሎች መስመር ሲኖር አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ሊዞር በሚችል መልክ ማስቀመጥ ያዋጣል። ግንባታው እነሱን ከቅርብ ማኅደር እንዲያነብ ማድረግም ከባድ አይደለም።

ለምን ያስፈልገናል?

የግዕዝን ፎንት የሠሩት ባለሙያዎች ብዙ ደክመዋል። የትናንቱ ድካም ጉዳቱ ግን ባለሙያው ሲያርፍ ወይም ኩባንያው ሲዘጋ ዕውቀቱም አብሮ መጥፋቱ ነበር። በስክሪፕት የተጻፈ ግንባታ ይህን ይፈውሳል። አሠራሩ በጽሑፍ ስላለ የማያውቀው ሰው አንብቦ ይማረዋል፣ ኮምፒውተሩም በማንኛውም ቀን ያንኑ ውጤት ያወጣል። ትልቁ ጥቅም ለትናንሽ ቋንቋዎች ነው። ገበያቸው ሰፊ ስላልሆነ ትልልቅ ኩባንያዎች ቶሎ አያስታውሷቸውም፤ ምንጩ ክፍት፣ ግንባታው የተጻፈ ከሆነ ግን የጎደለውን ሆሄ አንድ የቋንቋው ተናጋሪ ራሱ ይጨምረዋል።

ፓይተን የጀመራችሁ ወጣቶች፣ ለልምምድ የሚሆን ሥራ አትፈልጉ፤ ሥራው እዚሁ አለ። የአቢሲኒካን ምንጭ አውርዱ፣ የግንባታውን ፋይል መስመር በመስመር አንብቡ፣ ፎንቱን በራሳችሁ ኮምፒውተር ገንቡ። ከዚያ ቋንቋችሁ የሚፈልጋቸውን ሆሄያት ዘርዝራችሁ የማረጋገጫውን ታስክ ጻፉ። የጎደለ ካገኛችሁ ለአዘጋጆቹ አሳውቁ፤ ማሳወቁ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ክፍያም አይጠየቅበትም።