ዊንዶውስና ሊኑክስ፦ ሁለት ጣውንት በአንድ ጣሪያ

ሁለት ጣውንት በአንድ ጣሪያ ስር... «ኧረ ተዉኝ!» ትላላችሁ አይደል? አትደንግጡ፤ የዛሬው ጨዋታችን የትዳር ሳይሆን የላፕቶፕ ነው። ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቻችለው መኖር ይችላሉ ወይ? ይችላሉ። ጠቡ የሚመጣው ከሁለቱ አይደለም፤ ሳያይ ሳያጣራ ከሚያስገባቸው ሰው ነው።

ወሬው የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያገኘውን ማሽን ሁሉ አይቀበልም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ኢንቴል ከሆነም በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው የሚፈልገው። እንግዲህ ባለ ስድስተኛ ትውልድ ላፕቶፕ «ከዱባይ የመጣ ነው፣ እንደ አዲስ ነው» ተብሎ የገዛ ሰው ምን ይሁን? እዚህ ላይ ነው ሊኑክስ የሚነሳው።

ሊኑክስን የጀመረው የ21 ዓመት ልጅ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ይባላል፤ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሥራውን ይፋ ያደረገው እኛ አገር ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 1983 ዓ.ም. ላይ ነው። ዛሬ ኡቡንቱን የመሳሰሉት የሊኑክስ ዓይነቶች በነፃ ይገኛሉ። ላይሰንስ የለ፣ ክራክ ፍለጋ መንከራተት የለ። ላረጀ ማሽን የሚስማሙ ቀለል ያሉም አሉ።

«ታዲያ ዊንዶውስን ለምን ጠራርገን አናስወጣውም?» የሚል አይጠፋም። ቀስ በሉ። ፒችትሪ የምትሠሩ አካውንታንቶች፣ ፎቶሾፕ እንጀራችሁ የሆነ ዲዛይነሮች፣ ፕሮግራሞቻችሁ ለሊኑክስ አልተሠሩም። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ያለው ሰውም ሊኑክስ ላይ ቢከፍተው አማርኛው ቀርቶ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ምልክት ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ ነው ሁለቱንም ማኖር የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። የማውቃቸው እህትና ወንድም ናቸው። ላፕቶፑ የጋራ ነው፤ ቀን እሷ ለመመረቂያ ጽሑፏ፣ ማታ እሱ ለፊልም። ወንድምየው ዩቲዩብ ላይ አንድ ነገር አየና «ሊኑክስ ካልጫንኩ» አለ። እኩለ ሌሊት ላይ ፍላሹን ሰካ። ስክሪኑ ይጠይቃል፣ እሱ ሳያነብ ይጫናል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ግን የዋዛ አልነበረም። አንደኛው ምርጫ «ከዊንዶውስ ጎን ልግባ» የሚል ነው፤ ሌላው «ኢሬዝ ዲስክ» ይላል፣ ማለትም ያለውን ሁሉ ደምስሼ ልግባ። ልጁ ይሄኛውን ነካ። የአራት ወር ሥራ የውሃ ሽታ ሆነ።

ጠዋት እህትየው ስትከፍተው ሌላ ቀለም፣ ሌላ ምልክት። «ፋይሌስ?» «የትኛው ፋይል?» በቃ፣ ቤቱ ታመሰ። ዳታ እንመልሳለን የሚሉ ልጆች ጋ ወሰዱት፤ ጥቂት ፎቶ ተገኘ፣ ጽሑፉ ግን የለም። የተረፋት ለአማካሪዋ በኢሜይል የላከችው ሁለት ምዕራፍ ብቻ ነው። ከጓደኞቿ ጋር ሳትመረቅ ቀረች። እናትየው መሀል ገብተው አስታረቋቸው ይባላል፤ እኔ እንደሰማሁት ግን አሁንም ቡና ሲፈላ አንዷ ስትቀመጥ አንዱ ይነሳል።

እናላችሁ፣ ከሁሉ በፊት ፋይላችሁን ከላፕቶፑ አውጡ። ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላ ፍላሽ ላይ፣ ኢሜይላችሁ ላይ፣ ብቻ አውጡት። ሊኑክሱ የሚጫንበት ፍላሽ ላይ እንዳታስቀምጡ! እሱም ራሱ ሲዘጋጅ ይደመሰሳል። ላፕቶፑ የጋራ ከሆነ ደግሞ ባለድርሻውን ቀን በቀን፣ ፊት ለፊት አስፈቅዱ።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውስ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩን ብዙ ጊዜ ሳያማክራችሁ ይቆልፋል፤ ቢትሎከር የሚሉት ነው። መነሻው ላይ ለውጥ ሲያይ «ሌባ መጣ» ብሎ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃችኋል። ቁልፉ ከሌላችሁ የራሳችሁ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ቀራችሁ። አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ቁልፉን ፈልጉና ወረቀት ላይ ገልብጡት። ከዚያ መቆለፊያውን አጥፉና ፈትቶ እስኪጨርስ ጠብቁ። እግረ መንገዳችሁን ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውንም አጥፉት። እሱ ካለ ዊንዶውስ ሲዘጋ ያሸልባል እንጂ በደንብ አይተኛም፤ ሊኑክስም የእሱን ፋይል መንካት ይቸገራል።

ከዚያስ? ከዚያ እጮኝነት። ኡቡንቱ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ብቻ ተነስቶ ይሠራል። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፁ ይሰማል? ስፒከሩ የማይሠራ ከሆነ ከአሁኑ ብታውቁት አይሻልም? ፍላሹን ለማስነሳት ማሽኑ ሲበራ ዴል ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኡቡንቱን ለማውረድ ብዙ ጊጋ ስለሚበላ ፓኬጃችሁን ከምታቃጥሉ ካለው ጓደኛ ኮፒ ማድረግ ይሻላል።

ከወደዳችሁት ቦታ ስጡት። ዊንዶውስ ውስጥ ዲስክ ማኔጅመንት ገብታችሁ ከሃርድ ዲስኩ 50 ጊጋ ያህል ቀንሱለት፤ 25ም ይበቃዋል ይላሉ፣ ግን ይጠብበዋል። ዲስካችሁ በሞላው 128 ጊጋ ብቻ ከሆነ እኔ አልመክርም። ይሄ ሥራ ሲሠራ ቻርጀሩ ይሰካ፣ ባትሪውም ይሙላ። መብራት እልም ሲል ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ዲስክ እየከፈለ ከነበረ ጉድ ፈላ ማለት ነው።

ተራውንም እወቁ፤ ዊንዶውስ ቀድሞ፣ ሊኑክስ ተከትሎ። ዊንዶውስ ኋላ ከገባ ጎረቤት አለ የለም አይልም፣ የመነሻውን ተራ ለራሱ ያደርጋል። ሊኑክስ ግን ግራብ የሚባል በረኛ ያቆማል። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር «ማን ጋ ነው?» ብሎ ይጠይቃችኋል።

አብረው መኖር ከጀመሩ በኋላ አንድ የምትስቁበት ነገር አለ። ከሊኑክስ ወጥታችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ማሽኑ አልተበላሸም። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይይዘዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ የእኛ ልዩነት ሦስት ሰዓት ነው። ከፈረንጅ ሰዓት ጋር የስድስት ሰዓት ክርክር ያለብን ሳያንስ! ሊኑክሱን የአገሩን ሰዓት እንዲይዝ ማዘዝ ይቻላል።

ካልተስማማችሁና ፍቺ ካማራችሁ ግን የሊኑክሱን ቦታ በቀጥታ አትደምስሱ። በረኛው መሄጃ ያጣና ጥቁር ስክሪን ላይ ያስቀራችኋል። መጀመሪያ የማሽኑ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ዊንዶውስን ከተራው አንደኛ አድርጉ። አጥፍታችሁ አብሩት። ብቻውን መነሳቱን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ሊኑክሱን አውጡና ቦታውን ለዊንዶውስ መልሱለት።