በእህል መጋዘን ወለል ላይ የተቀባ ኢፖክሲ ሲላጥ

የማኅበራት መጋዘን ወለል ላይ የተቀባው ኢፖክሲ ሳይቆይ ሲያብጥና ሲላጥ እናያለን። ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ነው፤ አርማታው ርጥብ ነበር፣ ወይም ዱቄቱና ዘይቱ ሳይጸዳ ተቀብቷል። ስለዚህ በላዩ ደርቦ መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው።

በቅድሚያ የተላጠውን ፍቆ ማንሳት፤ ቀጥሎም 45 በ45 ሳንቲሜትር የሆነ ላስቲክ በባዶው አርማታ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግ ያስፈልጋል። ቢያንስ 16 ሰዓት ቆይቶ ሲነሣ ከሥሩ ጤዛ ከታየ ወይም አርማታው ከጠቆረ፣ እርጥበቱ ከታች ይመጣል። የዝናቡን ውሃ ከግድግዳው የሚያርቅ ቦይ ተቆፍሮ ወለሉ ሳይደርቅ አይቀባም። ሲደርቅ ሻካራ እስኪሆን ፈግፍጎ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ሁለቱን የኢፖክሲ ክፍሎች አምራቹ ባዘዘው መጠን መቀላቀል ይገባል።

እስከዚያው ጆንያዎቹ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብለው ይደርደሩ። የሻገተ እህል ለምግብም ለዘርም አይሆንም።