ኃጢአት፣ ንስሐና ድኅነት በሰሞነ ሕማማት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ተከትሎ የሚጓዝ መንገደኛ፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ አዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ሲደርስ፣ ከእርሻው መሬት በላይ በደን የተሸፈነ ተራራ ይመለከታል። ይህ ጣራ ገዳም ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋማ አገር ከጥንቱ ደን የተረፈው አብዛኛው በገዳማትና በአድባራት ቅጥር ውስጥ ተጠብቆ የቆየው ነው፤ ጣራ ገዳምም የዚህ ምስክር ነው። በደኑ ውስጥ ከሚታዩት ዛፎች አንዱ ወይራ ነው።

ወይራ በአገራችን ለእርሻ መሣሪያ ይጠረባል፤ የጠላ ጋንም ይታጠንበታል። በስቅለት ዕለት ግን የተለየ ሥራ አለው። ምእመናን ከማለዳ ጀምሮ ሲሰግዱ ይውሉና፣ ወደ ማታ ጸሎቱ ሲፈጸም በየተራ ወደ ካህናቱ ይቀርባሉ። ካህኑም በለምለም የወይራ ቀንበጥ ጀርባቸውን እየጠበጠበ፣ በደላቸውን እያናዘዘ፣ የሚሰግዱትን የስግደት ቁጥር ያዝዛቸዋል። በዚያ ሰልፍ ባለጸጋውም ድኻውም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም እኩል ጎንበስ ይላል።

የቅጠል ምት እንደማያም ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ ጀርባውን የሚሰጠው ስለ ምንድን ነው? የሰው ልጅ ኃጢአቱን በቅጠል ምትና በስግደት ብዛት ማስወገድ የሚቻለው ቢሆን ኖሮ፣ መስቀሉ ስለ ምን አስፈለገ? የትንሣኤን በዓል ለመቀበል በተዘጋጀንበት በዚህ ወቅት፣ ስለዚህ ጥያቄ ጥቂት ማሰብ ተገቢ ይሆናል።

ኃጢአት ማለት ማጣት ነው

ለዚህ የመጀመሪያውን መልስ የምናገኘው ከቃሉ ራሱ ነው። በግእዝ «ኃጥአ» ማለት «አጣ» ማለት ነው። «ኃጢአት» የሚለው ስም የወጣውም ከዚሁ ግሥ ነው። እንግዲህ ኃጢአት ክፉ ሥራ ብቻ ሳይሆን ማጣትም ነው፤ ሰው ከአምላኩ ጋር የነበረውን አንድነት፣ የልጅነቱንም ክብር ማጣቱ ነው። ስርቆቱ፣ ሐሰቱና ነፍስ ማጥፋቱ ከዚያ ማጣት የሚበቅሉ ቅርንጫፎች ናቸው።

በአንጻሩ ያለው «ድኅነት» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛችን «ዳነ» ስንል ከሕመም ተፈወሰ፣ ከሞትም አመለጠ ማለታችን ነው። ድኅነትና ድህነት በንባብ አንድ ይመስላሉ፤ በትርጉም ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ነገር ግን ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ እውነት አለ፤ ይኸውም ድኅነትን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የነፍሱን ድህነት ማወቅ ያለበት መሆኑ ነው። ያጣ ሰው ያጣውን ነገር ለራሱ መስጠት አይችልም። ከሌላ መቀበል አለበት።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህንኑ ምሥጢር በዕዳ ምሳሌ ያስተምራሉ። አዳምና ሔዋን በዲያብሎስ ተታልለው የባርነታቸውን ደብዳቤ ጽፈው ሰጡት፤ እርሱም አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሁለተኛውን በሲኦል ሸሸገው፤ ጌታም በዮርዳኖስ ሲጠመቅ የመጀመሪያውን፣ በሞቱ ወደ ሲኦል ሲወርድ ሁለተኛውን ደመሰሰው ይላሉ። ለአዳም የተሰጠው ተስፋ እስኪፈጸም ድረስ የነበረው 5,500 ዓመት የፍዳና የኩነኔ ዘመን ይባላል።

ሰሞነ ሕማማት የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። ስለዚህም በዚህ ሳምንት በመስቀል መባረክና መሳለም የለም፤ ጸሎተ ፍትሐትም አይደረስም። በእነዚያ ቀናት ለሚያርፉ ሰዎች ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ለሁሉም በአንድነት ይጸለያል። ምእመኑ ሁልጊዜ በእጁ ያለ የሚመስለው በረከት ለጥቂት ቀናት ሲርቀው፣ ያለ አዳኝ መኖር ምን ማለት እንደሆነ በጥቂቱ ይቀምሰዋል።

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ

ይህ ትምህርት በታሪክ ውስጥ ምን መልክ እንዳለው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጣራ ገዳም በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ጌታ ክብረ መለኮቱን በገለጠበት ተራራ ስም የተሰየመችው ደብረ ታቦር ትገኛለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመናገሻዎቻቸው አንዷ ያደረጓት ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ በጋፋት ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠርቷል።

ዐፄ ቴዎድሮስ የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ ታላቅ ንጉሥ ናቸው። ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ዓላማቸው ከእጃቸው እያመለጠ በሄደ ቁጥር ቁጣቸው እየበረታ መጣ። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም የቀቧቸውን አቡነ ሰላማን አሰሩ፤ ጳጳሱም በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ እስር ቤት እንዳሉ አረፉ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቷን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አስወሰዱ። ከዚህም ብዙው በመጨረሻ በመቅደላ ተከማቸ። የተከማቸውም በዚያ ላለው ቤተ ክርስቲያን መገልገያ እንዲሆን ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ስም መድኃኔ ዓለም ነው። የዓለምን መድኃኒት ለማክበር የዓለም መድኃኒት የሚመለክባቸው አብያተ ክርስቲያናት ተራቆቱ!

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ያን ከባድ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ተራራ እየናዱ መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ተጓዙ። የደረሱት በዐቢይ ጾም ነበር። በጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2 ቀን፣ ወደ 200 የሚጠጉ እስረኞች ተገደሉ። በማግሥቱ፣ በስቅለት ዕለት፣ በእሮጌ ጦርነት ሠራዊታቸው ድል ሆነ። ሚያዝያ 5 ቀን ትንሣኤ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን፣ ሰኞ፣ ንጉሡ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ።

በዚያ የትንሣኤ ሰሞን የበደለው ወገን አንድ ብቻ አልነበረም። ድል አድራጊው የእንግሊዝ ጦርም ክርስቲያን ነኝ የሚል ነበር። ነገር ግን ወታደሮቹ የመቅደላን ግምጃ ቤትና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዘረፉ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች እንደተጫነ ይነገራል። ጌታ መቃብሩን ባዶ ባደረገበት በዓል ሰዎች መቅደሱን ባዶ አደረጉ።

ይህን የምናነሣው በሙታን ላይ ለመፍረድ አይደለም። የነገሥታትን ልብ የሚመረምረው ፈጣሪ ብቻ ነው። ትምህርቱ የሚመለከተው እኛን ሕያዋኑን ነው። ብርታት፣ የአገር ፍቅር፣ ድል ማድረግም ቢሆን በሰው ውስጥ ያለውን ማጣት እንደማይሞሉት መቅደላ ያሳየናል። ከተራራ ላይ ሰባት ቶን ብረት ማውጣት የቻለ ክንድ የገዛ ቁጣውን ማውረድ አቃተው።

የናታን ድምፅ

በመጽሐፍ ቅዱስም ኃያል የነበረ፣ የበደለም ንጉሥ አለ። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወሰደ፤ ባሏንም በጦር ሜዳ አስገደለ። ነቢዩ ናታን መጥቶ፣ አንዲት በግ ብቻ የነበረችውን ድኻና በጉን የቀማውን ባለጸጋ በምሳሌ ነገረው። ዳዊት በባለጸጋው ላይ ሞት ሲፈርድ፣ ያ ሰው እርሱ ራሱ መሆኑ ተነገረው። በዚህ ጊዜ ዳዊት ናታንን አላሰረውም። እግዚአብሔርን በድያለሁ ብሎ ወደቀ እንጂ። በእኛ አቆጣጠር 50ኛው መዝሙር ከዚህ ውድቀትና ከዚህ ንስሐ ጋር የተያያዘ ነው።

በሁለቱ ነገሥታት መካከል ያለው ልዩነት የኃጢአታቸው ማነስና መብዛት አይደለም። አንዱ ገሣጩን ሰማ፤ ሌላው ገሣጩን አሰረ። እያንዳንዳችንም ናታን አለን፤ የንስሐ አባት፣ ሚስት፣ ጎረቤት፣ ወይም ሌሊት ዐይናችን ሲከፈት የሚናገር ሕሊና። ያን ድምፅ በየልባችን መቅደላ ስንቱን ዓመት አስረነው ይሆን?

ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። ካህኑ የሚሰጠው ቀኖና የኃጢአት ዋጋ አይደለም፤ ዋጋው በመስቀል ላይ ተከፍሏል። ቀኖናው ሐኪም ለበሽተኛ እንደሚያዝዘው መድኃኒት ነው። ከመድኃኒቱም አንዱ የወሰዱትን መመለስ ነው። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ድኅነት ወደ ቤቱ መግባቱ በዚህ ታወቀ።

ለዚህ በጎ ምሳሌ ከመቅደላው ታሪክ ራሱ ተገኝቷል። ከዚያ የተወሰደ አንድ ታቦት በኤድንበርግ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ከኖረ በኋላ፣ አገልጋዮቹ ምንነቱን በተረዱ ጊዜ በ1994 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መልሰውታል። አዲስ አበባም በእልልታ ተቀበለችው። ከ130 ዓመታት በላይ ያለፈው በደል አልጠፋም፤ ግን አንድ እጅ የያዘውን ለቀቀ።

የወይራው ቅጠል ሌላ ወሬ

በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምለም ቀጤማ ይዘው በየቤቱ ያድላሉ፤ ምእመኑም በራሱ ላይ ያስረዋል። ሊቃውንቱ ይህን ከኖኅ ርግብ ጋር ያገናኙታል። የጥፋት ውኃ መጉደሉን ርግቢቱ ያበሠረችው በአፏ የወይራ ቅጠል ይዛ ነበር።

እንግዲህ ወይራ ሁለት ወሬ አለው። በስቅለት ማታ ጀርባችንን ነክቶ ያጣነውን ያስታውሰናል። በኖኅ ታሪክ ደግሞ ቅጣቱ ማለፉን፣ ምድር ዳግም መለምለሟን ያበሥረናል። የመጀመሪያውን ሳይሰማ ሁለተኛውን ብቻ የሚሻ ሰው በዓሉን በፍስክ ምግብ ያልፈዋል እንጂ ትንሣኤን አያገኛትም። የመጀመሪያውን ብቻ ሰምቶ የሚቀርም ተስፋ በመቁረጥ ይጎዳል። በስቅለት ዕለት በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ የሚመልሰው ነገር፣ የሚሰግድበትም ጊዜ አልነበረውም። አስበኝ ብቻ አለ፤ ገነትም ተከፈተችለት።

ነገ ሌሊት ደወሉ ሲደወልና ጧፉ ሲበራ፣ ከጣራ ገዳም ተራራ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከከተማ እስከ ገጠር የሚሰማው እልልታ የዳኑ ሰዎች እልልታ ይሁን። ከማዕዱ አስቀድሞም የተጣላ ይታረቅ፤ የሰው ገንዘብ የያዘ ይመልስ፤ የታሰረው ናታንም ይፈታ።

መልካም የትንሣኤ በዓል!