ፀረ እንግዳ አካል፦ አንዱን ለይቶ የሚይዘው ፕሮቲን

በሽታ አምጪ ተህዋሲ ወደ ሰውነታችን ሲገባ፣ ቢ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ፀረ እንግዳ አካል የተባለውን ፕሮቲን ያመርታሉ። ቅርጹ እንደ ባላ ነው፤ ሁለቱ ቅርንጫፎች ወራሪውን ይይዛሉ፣ ግንዱ ሌሎች የመከላከያ ሴሎችን ይጠራል። ዋናው ባሕርዩ መራጭነት ነው፤ ለኩፍኝ የተሠራው ጉንፋንን አይነካም። በሽታን ለመለየትም ሆነ ለማከም ተፈላጊ ያደረገው ይኸው ነው፤ የድክመቱም ምንጭ ይኸው ነው።

በ1890 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ኤሚል ፎን ቤሪንግና ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ የመንጋጋ ቆልፍንና የዲፍቴሪያን መርዝ ሲያጠኑ፣ በሽታውን መቋቋም ከቻለ እንስሳ የተወሰደ የደም ውሃ ሌላውን እንስሳ እንደሚያድን አሳዩ። ቤሪንግ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት አገኘበት። ከፈረስ ደም የሚዘጋጀው የእባብ መርዝ ማርከሻም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ከእንስሳ ደም የሚገኘው ግን የብዙ ዓይነቶች ድብልቅ ነው። አንድ ቢ ሴል አንድ ዓይነት ብቻ ያመርታል፤ ከሰውነት ሲወጣ ግን ቶሎ ይሞታል። የካንሰር ሴል በአንጻሩ ሳያቋርጥ ይባዛል። በ1975 ካምብሪጅ ውስጥ ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን ሁለቱን አዋህደው አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ እያመረተ የሚባዛ ሴል አስገኙ። ምርቱ ሞኖክሎናል ይባላል፤ በ1984 ኖቤል አሸልሟቸዋል።

ይህ ግኝት እስከ ገጠር ጤና ኬላ ወርዷል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ጣት ወጋ አድርጋ ጥቂት ደም የወባ መመርመሪያው ላይ ታሳርፋለች፤ ፈሳሹን ጨምራ ሩብ ሰዓት ያህል ትጠብቃለች። ደሙ በስሱ ንጣፍ ውስጥ እየተሳበ ሲሄድ ደቃቅ የወርቅ ብናኝ የተለጠፈባቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ይዞ ይጓዛል። የወባው ፕሮቲን ካለ እነሱ ይይዙታል፤ መስመሩ ላይ የተተከሉት ሌሎቹ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀራሉ። ወርቁ ሲከማች ቀይ መስመር ይወጣል። መመርመሪያው በትክክል መሥራቱን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያ መስመር ካልታየ ግን ውጤቱ አይታመንም።

ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት የሚያመነጨውን ኤች አር ፒ ቱ የተሰኘ ፕሮቲን ነው። ተህዋሲው ይህን የሚያመርትበት ዘረ መል ከጎደለው ግን ልጁ ወባ ይዞት ሳለ መስመሩ ላይወጣ ይችላል። ክስተቱ በ2010 ከፔሩ አማዞን ተዘግቧል፤ በ2021 የታተመ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ መኖሩን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ሳቢያ የሚያመልጡት ሕሙማን ከ5 በመቶ ሲበልጡ አገሮች በኤች አር ፒ ቱ ብቻ የማይመኩ መመርመሪያዎችን እንዲጠቀሙ ይመክራል። ስለዚህ ውጤቱ ከወባ ነጻ ቢልም ትኩሳቱ ካልበረደ ተመልሶ መመርመር፣ ከተቻለም በማይክሮስኮፕ መታየት ሕይወት ያድናል።

በሕክምናም መራጭነቱ ይሠራል። በጡት ካንሰር ከዕጢው የተወሰደው ናሙና በፀረ እንግዳ አካል ይመረመራል፤ ኸር ቱ የተባለው ፕሮቲን ከተትረፈረፈ፣ በ1998 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ትራስቱዙማብ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል በመድኃኒትነት ይሰጣል። ፕሮቲኑ ላልተትረፈረፈባት ታማሚ ግን አይጠቅማትም።

እንዲህ ያለው መድኃኒት ከበሽታ ከተረፈ ሰው ደምም ሊገኝ ይችላል። በ1995 ኮንጎ፣ ኪክዊት ከተማ ከተከሰተው ኢቦላ የተረፈ አንድ ሰው ከ11 ዓመት በኋላ ደም ሲሰጥ፣ ተህዋሲውን የሚያውቁት ሴሎች በደሙ ውስጥ ገና ነበሩ። ከእነሱ የተገኘው ፀረ እንግዳ አካል በዚያው አገር በ2018 በተጀመረ ሙከራ ተፈተነ። ከወሰዱት ሕሙማን የሞቱት 35 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ለማነጻጸሪያ በቀረበው መድኃኒት ግን ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። መድኃኒቱ በ2020 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ።

ፀረ እንግዳ አካል የሚይዘው እንዲይዝ የተመረጠለትን ብቻ ነው። መራጩ ሰው ነው። በሽታው ባለበት አገር ናሙና የሚሰበስብና ዘረ መል የሚያነብ ባለሙያ ከሌለ፣ ተህዋሲው እንደ ወባው መለወጡ የሚታወቀው ሰው ከሞተ በኋላ ይሆናል። ለአገር ውስጥ የምርምር ላቦራቶሪ የሚወጣ ገንዘብ ለሕሙማኑ እንደወጣ ሊቆጠር ይገባል።