ሕዝብን ከጎጂ ሶፍትዌር የመጠበቅ ኃላፊነት የማን ነው?

የሰሊጥ ሽያጭ ገንዘብም ሆነ የከተማ ነጋዴ የዕለት ገቢ ዛሬ በእጅ ስልክ እየተንቀሳቀሰ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ አሠራር ተስፋፍቷል፤ ገንዘቡ ወደ ስልክ ሲገባ ግን ሌባውም ተከትሎታል።

«ሽልማት ደርሶዎታል» ወይም «የባንክ መተግበሪያዎን ያድሱ» የሚል መልእክት ይዞ የሚመጣ ሊንክ ሲነካ፣ በተለምዶ ቫይረስ የሚባለው ጎጂ ሶፍትዌር በስልኩ ላይ ሊጫን ይችላል። አንዳንዱ ወደ ስልኩ የሚገቡ መልእክቶችን አንብቦ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥርን ለላኪው ያሳልፋል። ሌላው የመሥሪያ ቤት ሰነዶችን ቆልፎ የማስከፈቻ ገንዘብ ይጠይቃል።

በኢትዮጵያ ይህን ድርጊት የሚቀጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። በአንቀጽ 7 መሠረት ጉዳት እንደሚያደርስ እያወቀ ለዚሁ ዓላማ የተዘጋጀ ፕሮግራም ሆን ብሎ ያሠራጨ ሰው፣ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ30 ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ ይቀጣል። እዚህ ላይ «እያወቀ» የሚለው ቃል ክብደት አለው። የደረሰውን ሊንክ ምንነቱን ሳያውቅ ለዘመዱ ያስተላለፈ አርሶ አደር ድንጋጌው የሚመለከተው አይደለም፤ ስለዚህ ፈርቶ ጉዳዩን ሊደብቅ አይገባም።

አዋጁ ተቋማትንም ያስገድዳል። አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ወይም የመንግሥት አካል በሚያስተዳድረው ሥርዓት ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቅ፣ ወዲያውኑ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር የማሳወቅ፣ ለፖሊስ የማመልከትና ተገቢውን እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለበት። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት ሰጪዎች ደግሞ የግንኙነቱን ፍሰት የሚያሳይ መረጃ ቢያንስ ለ1 ዓመት ማቆየት ይጠበቅባቸዋል። ይህ መረጃ አጥፊውን ለመከታተል ይረዳል።

የመንግሥት ድርሻ በመቅጣት ብቻ አያበቃም። በግንቦት 2009 ዓ.ም «ዋናክራይ» የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር በብዙ አገሮች ሲሠራጭ፣ በእንግሊዝ በመንግሥት የሚተዳደሩ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ ለመሰረዝ ተገደዋል። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወራት በፊት ነበር። ጥቃቱን የፈጸመው ሌላ ቢሆንም፣ ኮምፒውተሮቹን በወቅቱ ማደስ የተቋማቱ ኃላፊነት ነበር። የአርሶ አደሩን የመሬት ይዞታ መዝገብ በኮምፒውተር የሚይዝ የወረዳ ጽሕፈት ቤትም ከዚህ ኃላፊነት ነፃ አይሆንም።

ሆኖም ሕጉ ተቋማትን እንዲያሳውቁ የሚያስገድደው ወንጀሉን ሲያውቁ ነው። ተጎጂው አፍሮ ዝም ካለ ባንኩም ሆነ ፖሊስ የሚያውቅበት መንገድ ይጠባል፤ ያው ሊንክም ወደ ጎረቤት ይሻገራል። የአጥፊው መቀጣት ደግሞ የተወሰደውን ገንዘብ በራሱ አይመልስም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወሳኝ ናቸው።

ጥቃት የደረሰበት ሰው የስልኩን ዳታ አጥፍቶ፣ በሌላ ስልክ ወይም በአካል ለባንኩ በማሳወቅ ሂሳቡን ያሳግድ። መልእክቱን ለማስረጃነት ሳያጠፋ ለፖሊስ ያመልክት። ለአስተዳደሩም በ933 የስልክ መስመር ጥቆማ መስጠት ይቻላል። የምሥጢር ቁጥርን በስልክ ለሚጠይቅ ማንኛውም ሰው፣ «የባንክ ሠራተኛ ነኝ» ቢል እንኳ፣ አለመስጠት ይገባል።