ጥንካሬና ጽናት፤ ስለ ቃጫ-ሲሚንቶ ሰሌዳ ስያሜዎች

ስለ ቃጫ-ሲሚንቶ ሰሌዳ በሚተረጎሙ የሕንፃ ሥራ ጽሑፎች «ጥንካሬ» የሚለው ቃል ሁለት ጽንሰ-ሐሳቦችን ተሸክሞ ይታያል። አንደኛው ሰሌዳው ሳይሰበር የሚችለው የጉብጠት ጫና ሲሆን በሜጋፓስካል ይለካል። ሁለተኛው ይህን ችሎታ በውሃ፣ በሙቀትና በዘመን ብዛት ሳያጣ የመቆየት ጠባይ ነው፤ ይህም ሰሌዳውን ደጋግሞ በመንከርና በማድረቅ ይፈተናል። የዕፀዋት ቃጫ ውሃ ስለሚመጥ፣ በደረቅነቱ ብርቱ የሆነው ሰሌዳ ሲርስ ይደክማል፤ ስለዚህ የሁለቱ መደባለቅ የግንበኛውን ምርጫ ያሳስታል። ለአንደኛው «ጥንካሬ»፣ ለሁለተኛው «ጽናት» ቢያዝ ይበጃል፤ «ዘላቂነት» በልማት ነክ ጽሑፎች ሌላ ፍቺ ይዟልና።

«ቃጫ» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ሃትሼክ እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሰሌዳ ቃጫው አስቤስቶስ ነበር፤ «ኤተርኒት» የተባለው የንግድ ስሙም «ዘለዓለማዊ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ይሁን እንጂ የአስቤስቶስ ብናኝ ካንሰር ስለሚያስከትል በብዙ አገሮች በሴሉሎስ ተተክቷል። ስለሆነም የቆየ ሰነድ የሚተረጉም ሰው ማዕድኑን «ቃጫ» ብሎ አይለፈው፤ «አስቤስቶስ» ብሎ በስሙ ይጥራው። አሮጌውን ጣሪያ የሚያፈርሰው ሠራተኛ የሚጠነቀቀው ስሙን ሲያውቅ ነው።